በልብ ወለድ ችሎት ንጹሕ ሰው እንዴት ይከሰሳል? የአሠራር መመሪያ ለድርሰት ጸሐፊዎች

የሐሰት ክስ ያለበት ድርሰት ሳነብ አንድ ዳኛ ደጋግሞ ያጋጥመኛል። ጠረጴዛ ይደበድባል። "ዝም በል!" እያለ ይጮኻል። ጉቦውን በፖስታ ተቀብሎ ኪሱ ይከታል። አንባቢው ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ሁሉንም ያውቀዋል፤ ዳኛው ክፉ፣ ተከሳሹ ንጹሕ፣ አለቀ።

በእውነተኛው ዓለም ግን ሥልጣኑን አላግባብ የሚጠቀም ሰው መጮኽ ብዙም አያስፈልገውም። ማኅተም አለው፣ የመዝገብ ቁጥር አለው፣ ቀጠሮ አለው። ስለዚህ ክፉውን ሰው ለጊዜው ተዉትና ትክክል የሚመስለውን ወረቀት ጻፉ። ይህ መመሪያ የሚያሳየው እሱን ነው። ለአጭር ልብ ወለድ፣ ለሬዲዮ ድራማም ሆነ ለመድረክ ተውኔት ይሠራል።

ነገሩ እንዳይደርቅብን አንድ ታሪክ ፈጥረን እስከ መጨረሻው ይዘነው እንሂድ። ጊዜው 2005 ዓ.ም.፣ ቦታው አንዲት ትንሽ የወረዳ ከተማ። ወይዘሮ ወርቅነሽ የሸማቾች ማኅበር የመጋዘን ሠራተኛ ናት። 12 ኩንታል ስኳር አጉድለሻል ተብላ ትከሰሳለች። ሥራ አስኪያጁ አቶ ደምሴ ይባላል፤ የወረዳው ካቢኔ አባልም ነው። ያን ሰሞን ስኳር በኮታ፣ በሸማቾች ማኅበር በኩል ይታደል እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። 12 ኩንታል ቀልድ አይደለም።

1. መጀመሪያ እውነቱን ጻፉ

ድርሰቱ ውስጥ የማይገባ አንድ ገጽ አዘጋጁ። በላዩ ላይ በእርግጥ የሆነውን ብቻ አስፍሩ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን የት እንደነበረ።

የእኛ ገጽ ይህን ይላል። እሑድ ከሰዓት አቶ ደምሴ በትርፍ ቁልፍ መጋዘኑን ከፍቶ 12ቱን ኩንታል ለአንድ ነጋዴ አስጫነ። ሰኞ ጠዋት ወርቅነሽን ቢሮው ጠርቶ "የወጪ ደረሰኝ በዓርብ ቀን ጻፊና ፈርሚ" አላት። አልፈርምም አለች። በዚያ ሰዓት ቢሮው ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ስም ሥር የሚያውቀውን ጻፉ። ወርቅነሽ የፊርማውን ጥያቄ ታውቃለች፤ መኪናውን ግን አላየችም። ዘበኛው ጋሼ በቀለ መኪናውን አይተዋል። ነገር ግን ሥራ አስኪያጁ ራሱ ቆሞ ሲያስጭን ስላዩ ሕጋዊ ሽያጭ መስሏቸዋል። ማንም ካልጠየቃቸው አይናገሩም፤ የሚናገሩት ነገር እንዳላቸውም አያውቁም። ጠበቃው ደግሞ ዘበኛው እሑድ ተረኛ እንደነበሩ አያውቅም።

አሁን አንድ ያልተጠየቀ ጥያቄ አላችሁ። አንባቢው ያውቀዋል፤ ችሎቱ ውስጥ ያለ ሰው ግን ማንም አያውቀውም። ከማንኛውም ጩኸት የበለጠ ልብ የሚሰቅለው ይህ ነው።

2. ለባለሥልጣኑ ትንሽ ምክንያት ስጡት

ሥልጣን የሚፈልግ፣ አገር ለመቆጣጠር የሚያልም ሰው አያስፈልገንም። አቶ ደምሴ የፈለገው አንድ ፊርማ ነው። የኦዲት ቡድን ሊመጣ ነው፤ ደብተሩ መዘጋት አለበት፤ ወርቅነሽ እንቢ አለች። ምናልባት እስር ቤት እንድትገባ እንኳ አልፈለገም ይሆናል። ነገሩ አንዴ ፖሊስ እጅ ከገባ በኋላ ግን "ተሳስቻለሁ" ማለት እሱን ራሱን ያስጠይቃል። እያንዳንዱ ቀጣይ ውሸቱ የፊተኛውን ለመሸፈን የመጣ ይሁን።

3. ዘመኑን ወስኑ፤ ሥርዓቱንም በዘመኑ ልክ አድርጉ

ብዙ ድርሰት የሚወድቀው እዚህ ነው። ከአሜሪካ ፊልም የተቀዳ ችሎት ያመጡልናል። በዘመናዊው የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት 12 ሰዎች ተቀምጠው "ጥፋተኛ ነው" አይሉም። የሚፈርደው ዳኛ ነው።

በንጉሡ ዘመን ወይም ከዚያ በፊት የሚሆን ታሪክ ከሆነ ሀብታችሁ ብዙ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ሙግቱ በ"በላ ልበልሃ" እና በ"ተጠየቅ" ይካሄዳል። ተሟጋቹ እረታለሁ ብሎ በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዳል፤ ዋስ ይጠራል። አንደበተ ርቱዕ የሆነ ባላባት አፉ የተያዘበትን ጭሰኛ በቃል ብቻ እንዴት እንደሚረታው ማሳየት ትችላላችሁ። "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" የሚባልበት አገር ውስጥ ባላባቱን መክሰስ በራሱ ድፍረት ነው። ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር ደግሞ አውጫጭኝ አለ። የአካባቢው ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ሥራው ተፈትቶ ይቀመጣል። እስቲ አስቡት። መኸር ደርሷል፣ እህሉ እየረገፈ ነው፣ ሁሉም ሰው ወደ ቤቱ መሄድ ይፈልጋል። ዘመድ የሌለው አንድ መጤ መካከላቸው ተቀምጧል። ማንም ክፉ ሳይሆን ጣት ወደ እሱ ይቀሰራል። በዚህ ብቻ ሙሉ ተውኔት ይጻፋል።

ታሪኩ በደርግ ጊዜ ከሆነ የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ አለ፤ ፈራጆቹ ሕግ ያልተማሩ የሠፈር ሰዎች ናቸው። ጎረቤት ጎረቤቱን ሲዳኝ የአጥር ጠብ የት እንደሚገባ መገመት አያቅትም።

የእኛ ታሪክ 2005 ዓ.ም. ላይ ስለሆነ የምንሠራው በ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግና በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው። ቅደም ተከተሉን ግድግዳችሁ ላይ ለጥፉት፦ መያዝ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ፣ ጊዜ ቀጠሮ፣ የዋስትና ክርክር፣ ክስ፣ መቃወሚያ፣ የእምነት ክህደት ቃል፣ የዐቃቤ ሕግ ምስክር፣ ብይን፣ መከላከያ፣ ፍርድ፣ የቅጣት አስተያየት፣ ቅጣት፣ ይግባኝ። ሁሉንም አትጻፉ። ሦስት ብቻ ምረጡና እነሱ ላይ ቆዩ። እኔ ብሆን ጊዜ ቀጠሮን፣ የዐቃቤ ሕግ ምስክርንና ብይንን እመርጣለሁ።

4. ክሱን ከእውነት ቁርጥራጭ ስፉት

መሠረተ ቢስ ክስ ማለት ሁሉ ነገሩ ውሸት የሆነ ክስ ማለት አይደለም። የሚያስፈራው ክስ እያንዳንዱ ቁራጭ እውነት ሆኖ ስፌቱ ውሸት የሆነው ነው። የወርቅነሽን እንይ።

የመጋዘኑ ቁልፍ በእጇ ነበር። እውነት ነው።
ዓርብ ማታ እስከ አንድ ሰዓት መጋዘን ውስጥ ቆይታለች። እውነት ነው፤ ቆጠራ ላይ ነበረች።
ስትወጣ ስኳር ይዛ ነበር። እውነት ነው፤ የራሷን የኮታ 5 ኪሎ።

ሦስቱን አንድ ላይ ስትሰፏቸው ሌባ ሆነች። አቶ ደምሴ አንድም ነገር መፍጠር አላስፈለገውም። ትርፍ ቁልፍ እንዳለ አለመናገሩ ብቻ በቂ ነው።

ቀጥሎ ቋንቋው ነው። የክስ ጽሑፍ የራሱ አማርኛ አለው። "ቀኑ በውል ባልታወቀ ጊዜ"፣ "ካልተያዙ ግብረ አበሮቿ ጋር በመሆን"፣ "የማይገባትን ጥቅም ለማግኘት በማሰብ"። እያንዳንዷ ሐረግ በር ናት። ቀኑ ካልታወቀ "ያን ቀን ሌላ ቦታ ነበርኩ" ማለት አይቻልም። ግብረ አበር ካልተያዘ ምርመራው አያልቅም። ክሱን ሙሉውን በአንድ ገጽ ጻፉትና የችሎቱ ጸሐፊ ስሜት በሌለው ድምፅ ታንብበው። ምንም ማብራሪያ አትጨምሩ።

እዚህ ላይ ከታሪክ የሚወሰድ ትምህርት አለ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1936 በሞስኮ በተደረገው ችሎት አንድ ተከሳሽ በ1932 በኮፐንሃገን ብሪስቶል በሚባል ሆቴል ከሴረኞች ጋር እንደተገናኘ "አመነ"። ሆቴሉ ግን ከ1917 ጀምሮ አልነበረም። ይህ በዴንማርክ ጋዜጣ ሲወጣ 16ቱም ተከሳሾች ተገድለው ነበር። የሐሰት ክስ ዝርዝር ሲያበዛ ይሰነጠቃል ማለት ነው። እናንተም አንዲት ስንጥቅ አስቀምጡ። የእኛ የቱ ጋ እንዳለ ገምቱ፤ 12 ኩንታል ማለት 1,200 ኪሎ ነው። በፌስታል አይወጣም። ይህን ችሎቱ ውስጥ ማንም ጮክ ብሎ እንዳይናገረው አድርጉ። ዐቃቤ ሕጉ "በተለያየ ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ" ብሎ አንድ ሐረግ ይጨምርና ስንጥቁ ይደፈናል።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የማስረጃ አለመኖር ራሱ ማስረጃ ሲሆን ነው። በአውሮፓውያኑ 1894 የፈረንሳይ ጦር መኮንኑን አልፍሬድ ድሬይፉስን በሰላይነት ሲከስ፣ የእጅ ጽሑፉ በማስረጃነት ከቀረበው ደብዳቤ ጋር ልዩነት ነበረው። ጽሑፉን የመረመረው አልፎንስ ቤርቲዮን ምን አለ? ሆን ብሎ የራሱን ጽሑፍ አስመስሎ ስለለወጠው ነው አለ። ቢመሳሰል ጥፋተኛ፣ ባይመሳሰልም ጥፋተኛ። መርማሪ ፖሊሱም የወርቅነሽን ቤት ፈትሾ ምንም ሲያጣ "ንብረቱን ቀድማ አሽሽታለች" ይበል።

5. ቀጠሮውን ተጠቀሙበት

በጊዜ ቀጠሮ ፖሊስ ምርመራውን እስኪጨርስ ተጠርጣሪው ታስሮ እንዲቆይ በአንድ ጊዜ እስከ 14 ቀን ድረስ መጠየቅ ይችላል። ሲያልቅ ደግሞ ይጠይቃል። ለድርሰት ከዚህ የተሻለ ነገር የለም፤ ምክንያቱም ማንም ሕግ ሲጥስ አይታይም።

ትዕይንቱን ሦስት ጊዜ ጻፉት፤ በየጊዜው እያሳጠራችሁ። የመጀመሪያው አንድ ገጽ ይሁን። መርማሪው "የምስክሮች ቃል አልተቀበልኩም፣ ግብረ አበሮቿን አልያዝኩም፣ የኦዲት ውጤት አልመጣልኝም" ይላል። ጠበቃው ይቃወማል። ዳኛው ያስባሉ። ሁለተኛው ግማሽ ገጽ ይሁን፤ መርማሪው ያንኑ ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ይድገመው። ሦስተኛው ሁለት መስመር ይበቃዋል፦

"ያው ነው?" አሉ ዳኛው።
"ያው ነው ክቡር ፍርድ ቤት።"

በመካከሉ ውጭ ያለውን አሳዩ። ምሳ ይዛ የምትመጣ እህት፣ የተቋረጠ ደመወዝ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ "የሌባዋ ልጅ" የተባለ ልጅ። ይህን ግን አታብዙት። ልቅሶ ሲበዛ አንባቢ ይሸሻል።

6. ምስክሮቹ ውሸታም አይሁኑ

አንድ ውሸታም ምስክር ይፈቀድላችኋል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ታሪኩ ይረክሳል። የቀሩት ይፍሩ፣ ይሳሳቱ ወይም ግማሹን ብቻ ይወቁ። የሒሳብ ሠራተኛዋ የምትፈራ ትሁን፤ ውሏ በየስድስት ወሩ የሚታደሰው በአቶ ደምሴ ፊርማ ነው። "አላስታውስም" ትበል። "አላስታውስም" በችሎት ውስጥ የፈሪ ሰው መጠለያ ነው፤ ሲደጋገም ደግሞ ያስፈርዳል።

ጋሼ በቀለ የእኛ ወርቅ ናቸው። ሐቀኛ ሽማግሌ ናቸው፤ ወርቅነሽን ይወዷታል። የሚያስፈርድባት ግን የእሳቸው እውነት ነው።

7. ዳኛውን በጥቃቅን ሥልጣኖቹ አሳዩ

የወረዳ ዳኛ እጅ ላይ ያሉትን ትንንሽ ነገሮች ዘርዝሩ። ማን መቼ ይናገር፣ የትኛው ጥያቄ ይታለፍ፣ ቀጠሮው ለመቼ ይሁን። ከሁሉም በላይ ግን መዝገቡ ላይ ምን ይጻፍ። ችሎቱ የድምፅ መቅረጫ ከሌለው ዳኛው የምስክሩን ቃል በእጃቸው እየጻፉ ነው የሚሰሙት። በተነገረውና በተጻፈው መካከል ያለው ክፍተት የእናንተ ማሳ ነው። ሞክሩት፦

"ተከሳሿን ያውቋታል?" አለ ዐቃቤ ሕጉ።
"ወርቅዬን? እንዴት አላውቃት፣ ልጄ ማለት ናት።"
"ተከሳሿ ይበሉ" አሉ ዳኛው ቀና ሳይሉ።
"እሺ ጌታዬ። ተከሳሿ።"
"ዓርብ ማታ ስትወጣ አይተዋታል?"
"አይቻታለሁ። ቆጠራ አምሽታ ደክሟት ነበር። የኮታዋን ስኳር በፌስታል ይዛ፣ እኔም ያን ዕለት የኔን ገዝቻለሁ፣ 'ደህና እደሩ ጋሼ' ብላኝ..."
ዳኛው ጻፉ። እየጻፉም አነበቡ። "ተከሳሿ... በዕለቱ... ከምሽቱ አንድ ሰዓት... ስኳር ይዛ... ስትወጣ አይቻለሁ።"
"ፌስታሏ እኮ..."
"ተመዝግቧል። ሌላ ጥያቄ?"

ዳኛው ዋሹ? አልዋሹም። የጻፉት ሁሉ ተነግሯል። ረጅም ዓረፍተ ነገር አሳጠሩ፤ ውጭ ሌሎች ባለጉዳዮች ተደርድረዋል። ቀጥሎ በመስቀለኛ ጥያቄ ወጣቱ ተከላካይ ጠበቃ ይነሳል። እሑድን ሊጠይቅ ጫፍ ላይ ይድረስ፤ "እርስዎ ተረኛ የሚሆኑት መቼ መቼ ነው?" ይበል። ዐቃቤ ሕጉ "ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም" ብሎ ይቃወም። ዳኛው "ይታለፍ" ይበሉ። አንድ ቃል፣ ሙሉ ሥልጣን።

ዳኛው ላይ ያለው ጫናም እንዲሁ ትንሽ ይሁን። የሚኖሩት በቀበሌ ቤት ነው። ቤቱን የሚያድለው ካቢኔው ነው። አቶ ደምሴ በአንድ ሰርግ ላይ አጠገባቸው ተቀምጦ "ጣሪያው ያፈሳል አሉኝ፣ እናስጠግንልዎታለን" ይበል። ስለ ክሱ ምንም አይነሳ። አንባቢው የቀረውን ራሱ ይሞላዋል። ደግሞም አንድ ቦታ ላይ ዳኛው ትክክለኛ ነገር ያድርጉ፤ ለምሳሌ በእስር ቤት የታመመችውን ሴት ሐኪም ጋ እንድትወሰድ ይዘዙ። ሙሉ በሙሉ ክፉ ያልሆነ ሰው ሲያጠፋ ነው የሚያመው።

8. "ትከላከል" የምትለዋን ቃል አትለፏት

ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን ካሰማ በኋላ ፍርድ ቤቱ ብይን ይሰጣል። ማስረጃው በቂ ካልሆነ ተከሳሹን በነጻ ያሰናብታል፤ በቂ መስሎ ከታየው "ይከላከል" ይላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛነቱ እስካልተረጋገጠ ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል። ከብይኑ ቀን በኋላ ግን በከተማው ቡና ቤት፣ በዕድሩ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ያለው ወሬ ይለወጣል። "ተከላከይ ተባለች እኮ። ባይኖራት ኖሮ..." አሁን ንጹሕነቷን የምታስረዳው እሷ ናት። ያልሆነ ነገር እንዴት ይመሰከራል? እስካሁን በአቶ ደምሴ ላይ የነበረው ታሪክ እዚህ ላይ በከተማው ሁሉ ላይ ይሆናል። ጊዜ ውሰዱበት።

ሌላ ወጥመድ መጨመር ከፈለጋችሁ የእምነት ቃልን ዋጋ ለውጡት። በአውሮፓውያኑ 1692 በአሜሪካ ሴሌም በተደረገው የጠንቋዮች ችሎት 19 ሰዎች ሲሰቀሉ፣ "ጠንቋይ ነኝ" ብለው ያመኑት ግን በአብዛኛው ተርፈዋል። እውነት የተናገረ ይሞታል፤ የዋሸ ይኖራል። በእኛ ታሪክ መጠኑን አሳንሱት። መርማሪው "እመኚና ቅጣቱ ይቀልልሻል፣ ለፋሲካ ቤትሽ ትገቢያለሽ" ይበላት። እህቷም "እመኚ በቃ፣ ለልጅሽ ስትይ" ትበላት። ከዛቻ ይልቅ ይህ ይከብዳል።

9. ፍርዱ

ድንገት በሩን በርግዶ የሚገባ ምስክር አያስፈልግም። ይቅርብን። ነጻ ብትወጣም ትችላለች፤ ያኔ ሥራዋ ተይዟል፣ ስሟ ተበልቷል፣ ከሳሿን የጠየቀው የለም። ቢፈረድባትም የፍርዱን ጽሑፍ ጥሩ አድርጋችሁ ጻፉ፤ አመክንዮው የሚያሳምን ይሁን። "የዐቃቤ ሕግ 2ኛ ምስክር ከተከሳሿ ጋር ጠብ እንደሌላቸው፣ እንዲያውም እንደ ልጃቸው እንደሚያዩዋት ገልጸው ስለመሰከሩ ቃላቸው የሚታመን ነው።" የጋሼ በቀለ ፍቅር ራሱ ማስረጃ ሆነባት።

10. ረቂቁን ከማውጣታችሁ በፊት

አንድ ቀን ፍርድ ቤት ሄዳችሁ ተቀመጡ። ችሎት በመርህ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው። ስልክ አጥፉ፣ ከኋላ ተቀመጡ፣ ሰዎች እንዴት እንደሚቆሙ፣ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉ፣ ስማቸው ሲጠራ እንዴት "አቤት" እንደሚሉ እዩ።

የምታውቁት እውነተኛ ጉዳይ መነሻ ከሆናችሁ ስም መቀየር ብቻ አይበቃም። ከተማውን፣ መሥሪያ ቤቱን፣ የጎደለውን ዕቃ፣ የሰዎቹን ዕድሜና ጾታ ለውጡ። ገና በክርክር ላይ ያለ ጉዳይን አትንኩ።

ረቂቁን ለአንድ የሕግ ሰው ስጡ። "ጥሩ ነው ወይ?" አትበሉት። "እዚህ ውስጥ ሕግ የተጣሰው የትኛው መስመር ላይ ነው?" ብላችሁ ጠይቁት። ወዲያው ጣቱን አንድ ቦታ ላይ ካሳረፈ ያችን መስመር አለዝቧት። ገጹን ወደ ኋላ እየገለጠ ከፈለገ፣ አንገቱንም ከነቀነቀ፣ ለአሳታሚ ላኩት።